አቦይ ገብረዝጊ እና የግድግዳው ሰዓት

ልጅ አይቶ በሰላም ማሳለፍ የማይሆንለት ሽማግሌ የሌለበት ሰፈር የለም። ሌላው ሰው ለልጅ ከረሜላ ይሰጣል፤ እሱ የሰዓት ፈተና ይሰጣል። «ነይ እስቲ ጓለይ፣ ነይ ልጄ፣ አጭሯ የት ናት? ረጅሟስ?»

የሓወልቲ ሰፈሩ ሊቀ ሰዓት ክቡር አቦይ ገብረዝጊ ናቸው። ከቅዳሴ መልስ ያገኙትን ልጅ ጠርተው መንገድ መሃል ይቆሙና ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ግራውን ወደ ጎን አጥፈው ሦስት ሰዓት ይሆናሉ። ባጃጅ ጥሩምባ ይነፋል፤ ሦስት ሰዓት ግን ንቅንቅ አይልም።

«አንተ ሰውዬ፣ ትገጫለህ!» ይላሉ ባለቤታቸው አደይ ፍሬወይኒ፣ በሃፍረት ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው።

«ልጁ ሳይመልስ?»

የአደይ ፍሬወይኒን ስልክ አይወዱትም። «ገና ሲነጋ ሰባት የሚል ሰዓት ምን ሰዓት ነው?» የግድግዳቸውን ሰዓት ግን በየጠዋቱ ከሬዲዮው ጋር ያስተያዩታል። እሱን ለደቂቃ ማዛባት ጾም ከመሻር አይተናነስም።

በግቢያቸው የተከራየችው ወሎዬዋ ጣይባ ገበያ ልብስ ስትሸጥ ትንሿን ኢኽላስን እነሱ ዘንድ ትተዋለች። ልጅቷ ቀኑን ሙሉ «እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» እያለች ስታለቅስ የአቦይ ሆድ ባባ። ከሰዓቱ ሥር አስቀምጠው አንጎራጎሩላት፦

አጭሯ እመቤት ቀስ ብላ ስትሄድ፣
ረጅሟ ደንገጡር ሮጣ ጠረገች መንገድ።

«ሲመሽ ሁለቱ እላይ ሲገናኙ እናትሽ በር ላይ ናት።»

ለቅሶው ቀረ። ኢኽላስ አንጋጣ መጠበቅ ለመደች።

አንድ ምሽት ሁለቱ ተገናኙ፤ ጣይባ ግን አልመጣችም። ስልኳም ዝግ ነው። ረጅሟ ቁልቁል ወረደች። ድሮ መዘግየት ምን እንደሆነ የማታውቀው ልጅ አሁን አወቀች፤ ተነስታ በሩ ሥር ቆመች።

«እስቲ ውሃ አምጪልኝ ጓለይ» አሉ አቦይ። ገና ከመውጣቷ ወንበር ላይ ወጡ፤ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ረጅሟን ወደ ኋላ አዞሯት። አደይ ፍሬወይኒ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። ይህ ሰው ለሠርጋቸው ቀን እንኳ ሰዓት አልመለሰም!

ኢኽላስ ኩባያውን ይዛ ቀና አለች። «አልፋ ነበር እኮ!»

«ደንገጡሯ ቸኩላ ነው። ተቆጣኋት፣ ተመለሰች።»

ልጅቷ ውሃውን ሰጥታ ተቀመጠች። ሁለቱ እንደገና ሊገናኙ ሲሉ ጣይባ አቧራ ለብሳ ገባች። «ወላሂ አቦይ፣ የባጃጁ ጎማ ፈንድቶ! ስልኬም ዘግቶ! በጣም አመሸሁ አይደል?»

«አላመሸሽም!» ኢኽላስ የእናቷ ቀሚስ ላይ ተጠመጠመች። «እያቸው፣ ገና ሊገናኙ ነው!»

«እንዴ፣ ውጭ እኮ ጨለማው…»

አደይ ፍሬወይኒ ፈጠን ብለው መጋረጃውን ሳቡት።

«ደመና ነው» አሉ። «ይልቅ ቁጭ በይ።»