ሥርዓት ያለው ካምቢዮ

«እማዬ፣ ዓርብ እዚያ እደርሳለሁ?»

ልጅቱ ይህን ስትጠይቅ እናት እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ወደ ግቢው አየች፤ መልሳ የደረቀ እጇን ጠረገች።  በግቢው መካከል፣ በአራት ድንጋይ ላይ፣ የልጅቱን ዕድል የሚወስነው መኪና ቆሟል። ፊቱ ከአሮጌ ታክሲ፣ ጀርባው ከዕቃ መጫኛ መኪና፣ አራቱ ወንበሮቹ ደግሞ ከፈረሰ ሲኒማ ቤት የመጡ ናቸው። ሆዱ ባዶ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮው ወጥቶ፣ ተፈትቶ፣ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ነርስነት ልትማር ተመርጣለች። ምዝገባው ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል፤ እስከዚያ ያልቀረበች ልጅ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፤ አውቶቡሱም በየጠዋቱ አለ። ግን ቀላሉ መንገድ እያለ ከባዱን ካልመረጡ፣ ታላላቅ ሰዎች በምን ይታወቃሉ?

«አባቷ በገዛ እጁ መኪና እየሠራ፣» አሉ አባት፣ «ልጄ ከሰው ጋር ተጋፍታ በአውቶቡስ ብትሄድ፣ አገር ምን ይለኛል?»

አገር እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እሳቸው አንዳች ነገር ብሎ አያውቅም። ቢሆንም ጥንቃቄ አይከፋም።

አባት ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው አገልግለው፣ አንድ መርፌ ሳይጠፋባቸው በጡረታ የተገለሉ ሰው ናቸው። ሥራ ያለ ኮሚቴ አይገባቸውም። ስለዚህ የካምቢዮ እድሳት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ራሳቸውን በሰብሳቢነት መረጡ፤ ምርጫውንም በትሕትና ተቀበሉ። የቴክኒክ ኃላፊ የሆነው የሚስታቸው ወንድም ነው። ሙያው የእጅ ሰዓት መጠገን ሲሆን «ካምቢዮ ማለት ያደገ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ጥርስ አላቸው» በማለት ብቃቱን አስመስክሯል። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ እጅ ጽሑፉ ስለሚያምር ጸሐፊ ሆነ።

«እኔስ?» አለች እናት።

«አንቺ ሳፋውን ያዢ።»

ያዘች። ካምቢዮው ሲፈታ ቀዩ ዘይት እየተንጠባጠበ ሳፋው ውስጥ ሲወርድ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉን ታያለች። ጭንቀታም ሴት ናት፤ ጭንቀታም ሰው ደግሞ ምንም አያመልጠውም። በዚያ ላይ የቤት ሥራ ነበረባት። በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ገና ስምንተኛ ወሯ ነው፤ መምህሯም «ቤታችሁ ያያችሁትን በተራ ጻፉ» ብላ አዛለች። ሌላው ተማሪ ወንበርና ጠረጴዛ ሲጽፍ፣ እሷ ከካምቢዮው ሆድ የሚወጣውን ጻፈች። «አንድ ሻካራ ክብ። አንድ ልሙጥ ክብ። አንድ ሻካራ። አንድ ልሙጥ።» ሁለት ገጽ ሞላች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች መምህሯ ደብተሩን አገላብጣ።

«እኔም አላውቀው፣ የኔ እመቤት። ብቻ የወጣው እንዲህ ነው።»

መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ከዐሥር ስምንት ሰጠቻት።

በዚህ ጊዜ ግቢው ውስጥ ታሪክ እየተሠራ ነበር። ሰብሳቢው የተፈታውን ዕቃ ሲያዩ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ዝርክርክነት በሠላሳ ዓመት አላጋጠማቸውም። ሞላው ከቡሎን፣ ሻካራው ከልሙጥ ጋር ተደባልቋል። እጅጌያቸውን ሰበሰቡና ንብረት ክፍል ያስለመዳቸውን ሠሩ። ሞላ ከሞላ ጋር በአንድ ጣሳ፤ ቡሎን ከቡሎን ጋር በሌላ ጣሳ፤ ሻካራው ከሻካራ፣ ልሙጡ ከልሙጥ ጋር ተቆልሎ በክር ታሰረ። በየጣሳው ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ከየት እንደወጣ የሚናገር ወረቀት ግን አልነበረም፤ ዕቃ የት እንደሚገኝ እንጂ ከየት እንደመጣ መጠየቅ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።

«ሥርዓት ማለት ይሄ ነው!» አሉ ሰብሳቢው ወገባቸውን ይዘው። ጸሐፊው ጻፈው።

ረቡዕ መግጠም ተጀመረ። ሰብሳቢው ያን ሁሉ ሻካራ ክብ አከታትለው ከበሮ በሚመስለው የካምቢዮው ሆድ ውስጥ ደረደሩ፤ ልሙጦቹንም በላዩ አከታትለው ሊደረድሩ አነሡ። እናት ሳፋውን አስቀመጠች።

«እንዲህ አይደለም የወጣው። አንድ ሻካራ፣ አንድ ልሙጥ፣ እየተፈራረቀ ነው የወጣው።»

«ማን አለ?»

«ደብተሬ።»

ሰብሳቢው ደብተሩን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አዩት። «ፊርማ የለው፤ ማኅተም የለው።»

«የመምህሯ ምልክት አለው።»

«እውነቷን ነው፣» አለ ጸሐፊው አጎንብሶ፣ «ከዐሥር ስምንት አግኝታለች።»

«ሁለቱስ የት ሄደ? ሁለት የጎደለው ሰነድ ይዤ ካምቢዮ ልግጠም?»

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኅቴ እኮ ዓይኗ አይስትም። እኔም ሲወጣ ትንሽ የተፈራረቀ መስሎኝ...»

«አንተ የቴክኒክ ኃላፊ ነህ ወይስ የእኅትህ ወንድም?»

«የቴክኒክ ኃላፊ፣» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ጥሩ። ተፈራርቆ ከነበረ የቀላቀለው ፋብሪካው ነው። እኛ አርመነዋል።»

ጸሐፊው «የፋብሪካው ስሕተት ታረመ» ብሎ በሚያምር እጁ መዘገበ። እናት ደብተሯን አቧራውን አራግፋ ወደ ቤት ገባች። ልጅቱ ሻንጣዋን እየከፈተች እየዘጋች ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ሰብሳቢው የካምቢዮውን ዘንግ ሲጎትቱ መኪናው አሰበ፤ አመነታ፤ ከዚያም ሄደ። እውነት ሄደ! ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሦስቱ ተቃቀፉ፤ እናትም ሳታስበው እልል አለች። ልጅቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

ሰብሳቢው ግን እጃቸውን አነሡ። «ቆይ! ያልተሞከረ መኪና ላይ ልጅ አልጭንም። ነገ እኛ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ሄደን እንሞክረዋለን። መንገዱን ከቻለ፣ ተመልሰን ቅዳሜ እንወስዳታለን።»

«ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል እኮ!» አለች እናት።

«ደህንነት ይቀድማል።»

«እዚያው ድረስ ከሄዳችሁ አራተኛው ወንበር ላይ አብራችሁ አትወስዷትም?»

«አራተኛው ወንበር ለመሣሪያ ሣጥኑ ተይዟል።»

«አባዬ፣ ሣጥኑን ታቅፌው እቀመጣለሁ፣» አለች ልጅቱ።

«ንብረት በሰው ጭን ላይ አይቀመጥም፣» አሉ ሰብሳቢው፤ የአባትነት ፍቅር ድምፃቸውን እያንቀጠቀጠው። «ካንቺ የሚበልጥብኝ ነገር የለም። የምትቀሪው ለዚህ ነው።»

ዓርብ ማለዳ ኮሚቴው ልጅቱን ለማድረስ ያለ ልጅቱ ተነሣ። ሰብሳቢው በአንድ እጃቸው መሪውን ይዘው በሌላው አውለበለቡ። ልጅቱ አላለቀሰችም። ቆማ አቧራውን አየች።

እናት ነጠላዋን አነሣች። ብቻዋን አውቶቡስ ከተሳፈረች ዓመታት አልፈዋል። በፊት ሰሌዳውን ማንበብ ስለማትችል ሰው ትጠይቅ ነበር፤ ሰውም ሁለት ጊዜ ሌላ ከተማ ልኳታል። ከዚያ ወዲህ የመኪና መናኸሪያ ስታይ መንገድ ትቀይራለች።  ዛሬ ግን በአንድ እጇ ሻንጣውን፣ በአንድ እጇ ልጇን ይዛ በአውቶቡሶቹ መካከል አለፈች። ከአንደኛው ፊት ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቀመች።

«ይሄ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ፣ እማዬ?»

«ከዐሥር ስምንት፣» አለች እናት። ተሳፈሩ።

የመጀመሪያውን ዳገት እንዳለፉ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። በሁለተኛው ዳገት ወገብ ላይ የኮሚቴው መኪና ቆሟል። ሞተሩ ያገሳል፤ ጎማው ንቅንቅ አይልም። ከሥሩ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት በመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አስቸኳይ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ሾፌሩ አውቶቡሱን አቆመ። «ምን ሆናችሁ?»

«በሙከራ ላይ ነን፣» አሉ ሰብሳቢው። «ውጤቱ አበረታች ነው።»

«ሦስት ወንበር አለኝ። ስድስት ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ። ትሳፈራላችሁ?»

እናት መስኮቱን ከፈተች። ሰብሳቢው ሚስታቸውን አዩ፤ ከጎኗ ልጃቸውን አዩ፤ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ።

«ና ግባ እንጂ፣ አንተ ሰው፣» አለች እናት። «ልጅህን አብረን እናድርሳት።»

«አባዬ፣ ና፣» አለች ልጅቱ።

የሰብሳቢው እግር አንድ እርምጃ ተራመደ። ከዚያ ኃላፊነት ትዝ አላቸው። «ኮሚቴው ሳይወስን ንብረት ጥዬ አልሄድም።»

«ይወስና!» አለ ሾፌሩ ክላክስ እየነፋ።

ድምፅ ተሰጠ። መኪናው እንዲተው ሁለት እጅ ወጣ፤ አንዱ የቴክኒክ ኃላፊው፣ አንዱ የጸሐፊው። እጆቹ ሳይወርዱ እግሮቹ የአውቶቡሱን ደረጃ ወጥተው ነበር።

«ተቃውሞዬ ይመዝገብ!» አሉ ሰብሳቢው።

«ይመዘገባል፣ ጋሼ፣» አለ ጸሐፊው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ። «መዝገቡ እኔ ጋ ነው። ወንበር ላይ ስቀመጥ እጽፈዋለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ልጅቱ፣ እናቷ፣ አጎቷና ፀጉር አስተካካዩ ሄዱ። ሰብሳቢው ከመኪናው ጋር ቀሩ።