ነርስ ሲያይ የሚያመው ሰው

ነርስ እስኪያይ ድረስ ጤነኛ የሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ሆሳዕና ሞልቶናል። ጎረቤታችን ሲስተር ታደለች ገበያ ስትወጣ አንዱ ወገቡን ይይዛል፣ ሌላው መንገድ ዳር ቆሞ የዓይኑን ቆብ ገልብጦ ያሳያታል።

ዘንድሮ በነርሶች ቀን ልናመሰግናት አዳራሽ ጠራናት። ማመስገንስ እናውቅበታለን። እሷም «ዛሬ እንኳን ቁጭ ብዬ ኬክ ልብላ» ብላ አምሮባት መጣች። ንግግሩ አልቆ ኬኩ እንደተቆረሰ እንኳን ደስ ያለሽ ልንላት ተሰለፍን። የመጀመሪያው ሰውዬ እጇን ጨብጦ፣ «ሲስተር፣ ጌታ ይባርክሽ፤ ይቺ እብጠት ግን ምንድን ናት?» አላት። ቀጥሎ የመጣችው ሴትዮ ሾኔ ከተማ የሚኖረው ልጇ እንዴት እንደሚስል ራሷ ስላ አሰማቻት።

የክብር እንግዳውስ ከማን ያንሳሉ? ሰርተፍኬቱን እያቀበሏት «ጉሮሮዬን አንዴ እይልኝ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ፎቶ አንሺው ያነሳው ይህንኑ ነው።

ፎቶው አሁን አዳራሹ ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ነርሶቻችንን እናከብራለን» ይላል። የክብር እንግዳው ምላሳቸውን አውጥተዋል፤ ሲስተር ኬኳን በአንድ እጇ ይዛ በስልኳ መብራት ጉሮሯቸውን ታያለች። ከኋላ እጅጌውን ጠቅልሎ ተራውን የሚጠብቀው ማነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ደም ግፊቴን ከተለካሁ ቆይቻለሁ።