ቧንቧው በካውያ የተተኮሰበት ዕለት

ስመ ግብራቸው ጥቀርሻ የተባለው የእሳት ጌታ የሆስፒታሉን ቦይለር በያዙ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ በተሾመ በአርባኛው ቀን፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ በሚገባበት ማክሰኞ ጧት የሆነውን እኔ የልብስ ንጽሕና ክፍል መዝገብ ያዥ አይቼ ጻፍሁ።

የቦይለሩ ማገዶ የሆነው የጥቁር ናፍጣ የዘር ሐረግ ይህ ነው፤ ድፍድፍ ነዳጅ በተጣራ ጊዜ ቡታጋዝ፣ ቤንዚን፣ ላምባና ቀጭኑ ናፍጣ ድርሻቸውን እያነሱ ወጡ፤ ከነድኙና ከነአመዱ ከሥር የቀረው የመጨረሻው ልጅ ግን መርከብ እየነዳ፣ የሲሚንቶ ምድጃ እያነደደ፣ የበሽተኛ አንሶላ የሚቀቅል እንፋሎት እያፈላ ይኖራል፤ ካላሞቁትም አይንቀሳቀስም።

ሥራ አስኪያጁ ግን እንዲህ ሲል አዋጅ ለጠፈ፦ «ነዳጅ ራሱ የሚነድ ነገር ነው። የሚነድን ነገር ማሞቅ መብራት ማባከን ስለሆነ የናፍጣው ታንከር ማሞቂያ ከዛሬ ጀምሮ ይጥፋ።» ጠፋም፤ በሦስተኛው ንጋት ናፍጣው እንደ ቀዘቀዘ ማር ረጋ። ማሞቂያውን መልሰው ቢያበሩት ታንከሩ ሞቀ፣ ናፍጣውን ወደ ቦይለሩ የሚወስደው አሥራ ሁለት ሜትር ቧንቧ ግን እንደ ረጋ ቀረ። እስከ አምስት ሰዓት ንጹሕ አንሶላ ካልደረሰ የዕለቱ ቀዶ ሕክምና ሊሰረዝ ነው፤ ከተራው ላይም ሰባት ወር የጠበቀች የጥቀርሻ ታናሽ እኅት ነበረች።

ወእምዝ ጥቀርሻ ተቆጥተው፣ ቱታቸውን ታጥቀው፣ መፍቻቸውን ጨብጠው፣ ወደ መተኮሻ ክፍል ዘልቀው አወጁ፦ «እናንተ ልጆች፣ ሸሚዙ ይቆየን። ካውያችሁን እየነቀላችሁ ኑ፤ ዛሬ የምንተኩሰው ቧንቧ ነው።»

ተከትለዋቸው የዘመቱትም የአንሶላ ክፍሏ አለቃ ባለ ሁለት ካውያ፣ ወገቧን የሚያማት ልብስ አጣፊ፣ እርጥብ ጨርቅ የያዙ ሁለት ሳቂታ እኅትማማቾች፣ የመብራት ገመድ የተሸከሙት ዘበኛ፣ ከኋላም ምክር ብቻ የያዘው ምክትል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ከታንከሩ ሥር ጀምረው ክንድ በክንድ ተኮሱት፤ በመጀመሪያው ማጠፊያ አንድ ካውያ ተቃጠለ፣ በሁለተኛው አጣፊዋ ሥራ አስኪያጁን ረገመች፣ በሦስተኛው ጥቀርሻ እኅታቸውን አስበው ፈሩ፤ ይህንንም አልደብቅም። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቧንቧው ጉርጉር አለ፤ ናፍጣው ፈሰሰ፣ እሳቱም ተያያዘ።

ከሰዓት በኋላ እኅታቸው በሞቀ አንሶላ ተጠቅልላ ከቀዶ ሕክምናው በደኅና ወጣች። ሥራ አስኪያጁም ሁለት አዋጅ ለጠፈ፤ በአንዱ «አስተዳደሩ ስላሳየው ፈጣን አመራር» ራሱን አመሰገነ፣ በሌላው ካውያ ያለ ፈቃድ ከክፍል አውጥተዋል ብሎ ጥቀርሻን አስጠነቀቀ። ጥቀርሻም ማስጠንቀቂያውን ከተለጠፈበት ነቅለው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ቦይለራቸውን ሊያዩ ሄዱ።

ክብር ለጥቀርሻ፣ የረጋውን ላስኬዱ፣ ቧንቧ ለተኮሱ፣ እኅታቸውን ከተራዋ ላላስቀሩ፣ አራት ሥራ አስኪያጅ ሸኝተው አምስተኛውንም ለመሸኘት በትዕግሥት ለሚጠብቁ።