የተቀዳልኝን አልተፋም

ይሉኝታ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ክርክር አገር ቤት ሳለሁም ነበረ፤ እዚህ ላስ ቬጋስ ከመጣሁም በኋላ አላለቀም። ልጆቻችን «ኖ ማለት ልመዱ» ይሉናል። እኛ «ኧረ በቃኝ» ብለን ሦስተኛ ጊዜ ሲለምኑን ሳህናችንን አቅርበን እንገኛለን። እኔ በበኩሌ ከዚህ በሽታ ድኛለሁ ባይ ነበርኩ። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ የቁማር ቤቶቹ ጎዳና ዘ ስትሪፕ ላይ ባለ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ስካር ያናገረውን ደንበኛ በፈገግታ አብርጄ፣ ቲፑን ተቀብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ። ምን ይሉኝ ብዬ የተጨነቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ፈረንሳይ እስክሄድ ድረስ ማለቴ ነው።

እንዴት ሄድሽ አትሉኝም? አለቃዬ ለደንበኛ ወይን ጠጅ መርጣ የምትቀዳ ሠራተኛ ሲፈልግ «ኮርሱን ካለፍሽ ቦታው ያንቺ ነው» አለኝ። ኮሌጅ ገባሁ። ኮርሱ ደግሞ እዚያው ፈረንሳይ ድረስ ሄዶ የሚማሩት የሁለት ሳምንት ትምህርት አለው። አሥራ ሁለት ዓመት ትሪ ተሸክሜያለሁ፤ ጉልበቴ «በቃሽ» ካለኝ ቆይቷል። ቦታውን እፈልገው ነበር፣ ፈልጌም አልደበቅሁም። በምላሴ ደግሞ እተማመናለሁ፤ የጎረቤት ጠላ ቀምሼ የት ላይ እንደተበላሸ የምናገር ሰው ነኝ።

አንድ ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ ቡርጎኝ ገጠር ወሰዱን። ጠዋት የየመንደሩን ወይን ጠጅ እንቀምሳለን፣ ምሳ እንበላለን፣ ከዚያ ከቀመስናቸው አምስቱን ስማቸውን ሸፍነው ያቀርቡልንና ሦስቱን ያወቀ ያልፋል። ቀላል ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከቀላልም በታች።

የወይን ጠጁ በርሜሎች የተደረደሩበት ምድር ቤት ውስጥ የተቀበሉን ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው ማዳም ነበሩ። ወይኑ በየመንደሩ ካለው እርሻቸው፣ በርሜሉም የባላቸው ነው። በገዛ እጃቸው ለእያንዳንዳችን ቀዱ። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ዞር ስል የክፍል ጓደኞቼ ወይኑን አፋቸው ውስጥ አንገላተው፣ አንገታቸውን ወደ ባልዲ ደፍተው፣ እንትፍ! «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እነዚህ አጥሩ ጋ እንኳ አልደረሱም፣ ቀጥታ ባለቤቷ ፊት ተፉ።

የክፍል ጓደኛዬ ሳምሪ፣ እዚያው ላስ ቬጋስ ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት የአበሻ ልጅ፣ በክርኗ ጎሸመችኝ።

«እትዬ፣ ስፒት አድርጊው እንጂ፣ ትሰክሪያለሽ! ከምሳ በኋላ ቴስት አለን እኮ።»

«እኚህ እናት በእጃቸው የቀዱልኝን?»

«ሪላክስ! ባልዲውን ያመጣችው እኮ ራሷ ናት።»

እውነቷን ነው። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ቆርጬ ወደ ባልዲው ሄድኩ። አጎነበስኩ፣ አፌን አሞጠሞጥኩ፤ ቀና ስል ማዳም እያዩኝ ፈገግ አሉ። ዋጥኩት። ከዚያ በኋላ ወደ ባልዲው አልተመለስኩም። አሥራ አንድ ብርጭቆ ሆነ።

ምሳ ላይ ቀንድ አውጣ በቅቤ ቀረበ። ይሉኝታም ድንበር አለው፤ ለሳምሪ አጎረስኳት። በወይን የተቀቀለውን የበሬ ሥጋና አይቡን ግን አላሳፈርኳቸውም፤ ከስካሩ የሚያድነኝ ምግብ መስሎኝ ነበር።

አላዳነኝም። ፈተናው ሲቀርብ አምስቱም ብርጭቆዎች የአንድ እናት ልጆች ሆኑብኝ። ሳልጠራጠር ጻፍኩ፣ እንዲያውም ከሁሉ ቀድሜ ጨረስኩ። መምህራችን፣ ሠላሳ ያልሞላው ጎበዝ ልጅ፣ ውጤት አነበበ። ሳምሪ አምስት። እኔ ሁለት! ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ትሪ፣ በአንድ ባልዲ ምክንያት!

ማዳም ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። «ለምን አልተፋሽም እያሉ ነው» አለኝ መምህሩ። ያን ጊዜ ኩራቴ መለስ አለልኝ። «በእኛ አገር ታላቅ ሰው በእጁ የቀዳው አይተፋም በላቸው» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ተረጎመላቸው። ማዳም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መምህሩ ፊቱ ቀልቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ለተማሪ የምቀዳውን እኔ ራሴም አልውጠውም፣ ብለዋል።»

መምህሩ ደግ ልጅ ነውና ላስ ቬጋስ ስንመለስ አንድ ዕድል ጨመረልኝ። ክፍል ውስጥ አምስት ብርጭቆ ደረደረ፣ በገዛ እጁ ቀዳ፣ ባልዲውን አጠገቤ አስቀምጦ በልመና ዐይን አየኝ። ምንም አላስቸገርኩትም። አምስቱንም ፊቱ ቆሜ እንትፍ እንትፍ አደረግኋቸው፤ አራቱን አወቅሁ፤ ቦታውም የእኔ ሆነ። ይሉኝታሽስ ትሉኝ ይሆናል። ምን ይሉኝታ አለው? በዕድሜ እናቱ ነኝ።