ዳንቴል የለበሰው ዳሽቦርድ

አሮጌ ቮልስ ያለው ጎረቤት አላችሁ? ከሌላችሁ ኩራት ምን እንደሆነ ገና አላያችሁም።

የመካኒሳ አቦው ጎረቤቴ ጋሽ በቀለ የቮልሳቸውን ዳሽቦርድ ሦስት ሳምንት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍጉ ከረሙና ሰማያዊ ቀለም ቀቡት። እንዴት እንደሚያምር! ታዲያ እኛ ያማረ ነገር ስናገኝ ምን እናደርጋለን? እንሸፍናለን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አምጥተው አለበሱት።

እሑድ ጠዋት ጋሽ በቀለ፣ «ና ላንሸራሽርህ» ብለውኝ ወደ ላፍቶ ወጣን። ግማሽ መንገድ ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች። ቤንዚን አልቋል። የቤንዚኑ ጌጅ ደግሞ ያለው ከዳንቴሉ ሥር ነው።

«ጋሼ፣ ገለጥ አድርገው ቢያዩት ምን ነበረበት?»

«አቧራ ይግባበት?» ብለው ተቆጡኝ።

እኔና ሦስት መንገደኞች እየተንደፋደፍን እስከ ማደያው ገፋናት። ጋሽ በቀለ መሪውን ይዘው እንደ ሙሽራ ለአላፊ አግዳሚው እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ስንደርስ ወረዱ፤ ጣታቸውን በመሃረብ ጠረጉና የዳንቴሉን ጫፍ ገለጡልን።

«ስለ ገፋችሁ ነው። ቶሎ እዩት!»

አራታችንም በመስኮቱ አጮለቅን። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ድካሙ ከላያችን ላይ ጠፋ። መጀመሪያ የጮኽኩት ግን እኔው ነኝ፦

«ኧረ ይሸፍኑት ጋሼ፣ ፀሐይ ይመታዋል!»