ሽማግሌ ሊያባርር የነበረው ዲቫይደር

የአዲስ አበባ ሰው ሁሉንም ነገር ግማሹን ያውቃል። ቀሪውን ግማሽ የሚማረው መብራት ሲጠፋበት ነው። አትቆጡ፤ ከራሴ ልጀምርላችሁ።

ቂርቆስ ያለው የታላቅ ወንድሜ፣ የጋሼ በላይ ሳሎን ክረምት ሲመጣ በቀትርም ጨለማ ነው። የጣራው አምፖል ከተበላሸ ቆይቷል፤ የሚሠራውም ሶኬት በሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። እና ለልጁ ለሜሮን ሽማግሌ የሚመጣበት ቀን ሲቆረጥ ጋሼ ተጨነቀ።

"ሽማግሌን በጨለማ አይቀበሉም። ኤሌክትሪሺያን ልጥራ።"

"ለሁለት ሽቦ?" አልኩት። "ዲቫይደር እሠራልሃለሁ፤ የቁም መብራቱን እዚያ ጥግ እናበራዋለን።"

ሙያውን ከየት አመጣሽው አትበሉኝ፤ ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቻለሁ። ሜሮንም ትከሻዬ ላይ ተደግፋ አብራኝ ስታይ ነበር። እኔ ሰውየው ሽቦውን ሲልጥ "ይሄማ ሽንኩርት ነው" ብዬ ወደ ወጤ ሄድኩ። እሷ እስከ መጨረሻው አየችው።

ከባምቢስ የገዛሁት ገመድ ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብዙ ክር ነው። ልጬ ስፒናው ውስጥ ካለው ብሎን ሥር ላስገባው ስል ተንጨፈረረ። ግማሹ ይገባል፣ ግማሹ ያፈነግጣል... አልገባም ያለውን በመቀስ ከረከምኩት። የቀረውን እንደመጣልኝ ብሎኑ ላይ ጠምጥሜ በካቻቢቴ አጠበቅሁ። መብራቱ ቦግ አለ። ጋሼ መረቀኝ፤ እኔም ምርቃቱን ሳላፍር ተቀበልኩ።

እሑድ ሜሮንን ለልጃቸው የሚጠይቁት የካዛንቺስ ሽማግሌዎች መጡ። "ቁጭ በሉ" ሲባሉ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" ብለው በሩ አጠገብ ቆሙ። ሜሮንም እንደ ወጉ ጓዳ ተደብቃለች። ትልቁ ሽማግሌ፣ ጋሽ ወልዴ የሚባሉት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ከዘራቸውን ተከሉ።

"ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን..."

ጧ። ጨለማ።

ከዘራው ያረፈው ገመዴ ላይ ነበር።

ከዚያ የጋሽ ወልዴ ድምፅ መጣ፦ "ገብቶናል። አልሰጥም ማለት ይቻል ነበር እኮ። መብራት ማጥፋት ምን አመጣው?"

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ እኛ አላጠፋነውም" አለ ጋሼ።

"የጎረቤትዎ በርቷል፤ በመስኮት ይታየኛል።"

ነጠላ ሲሰበሰብ በጨለማ ይሰማል ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። የልጅቷ ትዳር በእኔ ስፒና ሰበብ ሊወጣ በሩን ሲከፍት፣ የጓዳው በር ቀድሞ ተከፈተ። ሜሮን ናት፤ በአንድ እጇ የስልክ መብራት፣ በሌላው የእኔን ካቻቢቴ ይዛለች።

"አባባ፣ አይሂዱ። አክስቴ ናት።"

"አክስትሽ ናት ያጠፋችው?"

"አውቃ አይደለም። ስፒናውን እሷ ናት የሠራችው።"

ስልኩን ለጋሽ ወልዴ አስያዘቻቸውና መጀመሪያ ስፒናውን ከሶኬቱ ነቀለች። ስትከፍተው ሁላችንም አጎነበስን። አንዲት ቀጭን ክር ከብሎኗ ሥር አምልጣ፣ ማዶ ያለውን ሽቦ ነክታ ጠቁራለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሳታብር የቀረችው አንዷ ድር ምን እንደምታደርግ ግን የነገረን የለም።

ሜሮን እኔ የከረከምኩትን ጫፍ ቆርጣ ጣለችና አዲስ ላጠች። ክሮቹን ሰብስባ እንደ ጧፍ አከረረቻቸው።

"አክስቴ በግራ ጠምጥማው ብሎኑን ባጠበቀች ቁጥር ክሩን ታስወጣዋለች። ብሎኑ ሲጠብቅ በሚዞርበት በኩል ነው የሚጠመጠመው።"

አጠበቀች፤ ያፈነገጠ ክር እንደሌለ አየች። ከዚያ ሽቦውን ይዛ ጎተተችው።

"ምነው፣ መልሰሽ ልትነቅይው ነው?" አሉ ጋሽ ወልዴ።

"ካልጎተቱት መያዙ አይታወቅም፣ አባባ።"

ስፒናውን ገጥማ ሰካች፤ ጋሼ የወደቀውን ብሬከር መለሰና ቤቱ በራ። ጋሽ ወልዴ ሜሮንን አየት አድርገው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፦ "ለካ ልጃችን ዓይን አለው።"

ጋሼ ግን እንደ ወጉ "እንምከርበትና በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አለ። እኔ በሐፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚህ ወዲያ ምን ምክር አለ? ጋሽ ወልዴ ግን አልተቀየሙም። "ይጎትቱን እንጂ" ብለው እየሳቁ ወጡ።

ተመልሰው ሲመጡ ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ጋሽ ወልዴ በሩ አጠገብ ጎንበስ አሉ። ስፒናውን ነቀሉና ገመዱን ሳብ አደረጉት።

"ይዟል" አሉ። መልሰው ሰኩትና ቀና ብለው ጋሼን አዩት። "የኛስ?"

"ይዟል" አለ ጋሼ።

ያን ጊዜ ተቀመጡ።