መጋቤ ሪሞት አያ ደምሴ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጽሑፍ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የያዘው መጥረጊያና የሰው አገር ድስት ነው። ይችን ስጽፍ እንኳ የመጀመሪያውን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዣታለሁ። ጎረቤቴ ዝናሽ አስተማሪ ናት፤ «እንደምታወሪው አድርገሽ ጻፊው፣ ፊደሉን እኔ አቃናልሻለሁ» ስላለችኝ ነው የደፈርኩት። ችግሩ እኔ ወሬም ብዙ አልችልም። ብቻ የተማራችሁ ሰዎች እንዳትስቁብኝ። መሳቅ ካለባችሁም በአያ ደምሴ ሳቁ፤ እሳቸው ለምደውታል።

ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ከቴሌቪዥኑ በላይ የሚያወራ አንድ ሰው አለ። ይኼን እዚህ ደብረ ታቦርም አይቻለሁ፣ ስምንት ዓመት በሠራሁበት በኩዌትም አይቻለሁ። ይህ ሰው ፊልሙን ከዚህ በፊት አይቶት አያውቅም፤ መጨረሻውን ግን ያውቀዋል። ሌባው ማን እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ ከሁሉም በላይ ማን እንደሚሞት ያውቃል። እናንተም ቤት አለ። የለም የምትሉ ከሆነ ያ ሰው እናንተው ሳትሆኑ አትቀሩም።

የእኛ ቤቱ አያ ደምሴ ናቸው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እናትና አባቴ በልጅነቴ ስላለፉ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እማ ብዙነሽ ናቸው። ከኩዌት ስመለስ ትልቅ ቴሌቪዥን ይዤ መጣሁ። ግድግዳው ላይ የሰቀለው አንድ ልጃቸው ታምራት ነው። ዋይፋዩን ያስገባው እሱ፣ ሪሞቱንም አባቱን ያስተማረው እሱ።

«አባ፣ ላስቲኩን እንዳያወልቁት፤ አቧራ ይገባበታል» አላቸው።

ይኸው እስከ ዛሬ አልወለቀም። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ፌስታል ውስጥ፣ ፌስታሉ አያ ደምሴ ኪስ ውስጥ፣ አያ ደምሴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት። መጋቤ ሪሞት የሚለውን ማዕረግ ያወጣላቸውም ታምራት ነው። እሳቸው እንደ ቀልድ ሰምተው እንደ ቁም ነገር ተቀበሉት።

የመጋቤ ሪሞት ዋና ሥራ መተርጎም ነው። የእማ ብዙነሽን ዓይን ሞራ ስለጋረደው ቴሌቪዥኑ ለሳቸው የሚንቀሳቀስ ቀለም ብቻ ነበር። የምናየው ደግሞ በኢንተርኔት የሚመጣ የዐረብኛ ድራማ ነው፤ እኔ ነኝ ያስለመድኳቸው። አያ ደምሴ ዐረብኛ አንዲት ቃል አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። የሚተረጉሙት ግን እሳቸው ናቸው።

በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ቀን ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አያ፣ እንዲያ አላለችም እኮ» ብዬ ነበር።

«አንች የምታውቂው የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው» አሉኝ። «ይኼ የአደባባይ ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ የኔ የወጥ ቤት ነው። ዝም አልኩ። ዝም ማለት እችላለሁ።

ኔትወርኩ ሲደክም ያች ክብ ነገር መሐል ላይ ትዞራለች አይደል? በሌላው ቤት ሰው ይበሳጫል። በእኛ ቤት ግን የአያ ደምሴ ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። «ቆዩ ልንገራችሁ!» ብለው ጋቢያቸውን ያስተካክሉና ድራማውን ራሳቸው ይቀጥሉታል። ክቧ ዞራ እስክትጨርስ ሁለት ሰው ይጋባል፣ አንድ የርስት ክርክር ይነሳል፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃል። ምስሉ ሲመለስ ሰዎቹ ሌላ ጉዳይ ላይ ናቸው። አያ ደምሴ አይደነግጡም።

«ሐሳባቸውን ቀየሩ» ይላሉ። «ይፀፀቱበታል።»

መብራት ጨርሶ ቢጠፋም ድራማው አይቆምም። በዐቢይ ጾም ሰዎቹ ሊሳሳሙ ሲቀራረቡ ከወንበራቸው ተነስተው ጋቢያቸውን ስክሪኑ ላይ ይጥሉበታል። «ምነው ዝም አሉ?» ይላሉ እማ ብዙነሽ። «ጸሎት ላይ ናቸው።» በዚያ ጾም የድራማው ሰዎች ብዙ ጸለዩ። የእማ ብዙነሽ ወንድም ዓለምነው ከእብናት መጥቶ ያደረ ጊዜ «እባክዎ ኳስ ይክፈቱልኝ» ቢላቸው፣ ፌስታሉን ወደ ኪሳቸው ጠልቆ እንዲገባ ገፍተው «ኳስ ምኑ ይተረጎማል?» አሉት።

ከሁሉ የሚወዱት ግን ሞትን ነበር። ማለት፣ የድራማ ሞት። «ቆዩ ልንገራችሁ! ይኼ ባለ ሱፉ ነገን አያይም» ይላሉ። ሰውየው ሲሞት ጭናቸውን መትተው «ብያለሁ!» ይላሉ፣ ራሳቸው እንደገደሉት ሁሉ። ታምራት መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቅባቸው ነበር።

«አባ፣ አንድ ሰው እንኳ አይተርፍዎትም?»

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ፣ የጻፈው ሰውዬ ጨካኝ ነው።»

ታምራት በመስከረም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ እንደሚወርደው። «ኅዳር ሲያልቅ እመጣለሁ» አለ። እርሻው ውስጥ ስልክ አይሠራም፣ ስለዚህ ዝም ቢልም ማንም አልተጨነቀም። በጥቅምት መጨረሻ የዓይን ሐኪሞች ለዘመቻ መጡና የእማ ብዙነሽን ቀኝ ዓይን ሞራ ገፈፉላቸው። ሐኪሟ ጣቷን አንስታ ለሦስታችንም ነገረችን። ለአንድ ወር ማጎንበስ የለም፣ ጭስ የለም፣ ስክሪን ማየት የለም። ከሁሉ በላይ ግን ማልቀስና ዓይን ማሸት የለም። «ለቅሶ ከመጣ ዓይኑን ልናጣው እንችላለን» አለች።

እማ ብዙነሽ ሳቁባት። «ምን የሚያስለቅስ አለ ብለሽ ነው ልጄ? ወሩ ሲያልቅ ታምራቴ ይመጣል። መጀመሪያ የማየው የሱን ፊት ነው።»

ከዚያ በኋላ እማ ብዙነሽ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥተው፣ በባላቸው አፍ ብቻ ድራማ ማየት ጀመሩ።

ሕክምናው በሆነ በሳምንቱ አያ ደምሴ ጨው ሊገዙ ቅዳሜ ገበያ ሄደው ያለ ጨው ተመለሱ። ረሳሁት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በድራማው ውስጥ ሰው መሞት አቆመ።

በጥይት ተመትቶ የሚወድቀውን «አዳለጠው» አሉ። ሬሳ ሲታጠብ «ጠበል እየረጩት ነው፣ ይሻለዋል» አሉ። አንድ ቀን ደግሞ ቀብር መጣ፤ ወንዶቹ ሳጥን ተሸክመው፣ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው እያለቀሱ።

«ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» አሉ እማ ብዙነሽ ከነጀርባቸው።

«ሠርግ ነው። ሙሽራዋን እየሸኙ ነው።»

«እልልታ የለውም እንዴ?»

«ያገራቸው ደንብ ነው።»

«ሙሽራዋስ እንዴት ያለች ናት?»

«ተሸፍናለች» አሉ።

እኔ ምንም አልገባኝም። አረጁ፣ ጃጁ ብዬ ነው ያሰብኩት። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩባቸውም። ሌላው ውሸታቸው ያስቀኝ ነበር፤ ይኼኛው ግን ለዛ አልነበረውም። «ቆዩ ልንገራችሁ» ማለቱንም ትተዋል።

በዚያ ሰሞን የምናየው ድራማ ልጇ በመርከብ ለሥራ ሄዶ የጠፋባት እናት ታሪክ ነበር። ወሩ ሊሞላ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የልጁ ጓደኛ የልጁን ሻንጣ ይዞ መጣና በሩን አንኳኳ። እናትየው ሻንጣውን አይታ ጮኸች።

«ደስ ብሏት ነው» አሉ አያ ደምሴ። «ልጇ ዕቃውን አስቀድሞ ልኮ ነው። ራሱ ከኋላ እየመጣ ነው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ስምንት ዓመት በሰው ቤት ዝም ያልኩ፣ በራሴም ቤት ዝም ያልኩ ሰው፣ አፌ የሚከፈትበትን ቀን ያን ቀን መረጥኩ።

«ኧረ አያ፣ ልጁ ሞቷል! ጓደኛው መርዶ ይዞ ነው የመጣው።»

እማ ብዙነሽ መነጽራቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«ማነው የሞተው?»

ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። አያ ደምሴ ሪሞቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ቴሌቪዥኑን አያዩም፣ እኔንም አያዩኝም። የሚያዩት የሚስታቸውን መነጽር ነው፤ ከሥሩ ውሃ እንዳይወርድ እንደሚጠብቅ ሰው። ያን ጊዜ ጨው የረሱበት ቅዳሜ ገባኝ። ያ ሠርግም ገባኝ።

«ተሳስቼ ነው እማ» አልኩ። «የወጥ ቤት ዐረብኛ ነው።»

«ብያለሁ» አሉ አያ ደምሴ።

ለከብት ጭድ ልንጥል የመጣን መስለን ከጓሮ ተገናኘን። ታምራት በንዳድ ታሞ፣ ሦስት ቀን ተኝቶ፣ እዚያው መተማ ሞቶ ተቀብሯል። አብሮት ያጭድ የነበረ ደሳለው የሚባል ልጅ ነው ገበያ መሐል ለብቻ ጠርቶ የነገራቸው። የዕድሩ ሽማግሌዎችም ሰምተዋል፤ መርዶው የብዙነሽ ዓይን እስኪድን ይቆይ ብለው ተስማምተዋል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማናውቀው እኔና እማ ብዙነሽ ብቻ ነበርን።

«ለኔ ለምን አልነገሩኝም አያ?»

«ፊትሽ አይደብቅም።» ጭዱን በእጃቸው ያፍሱታል፣ መልሰው ይጥሉታል። «እስከ ዛሬ እሷ ፊት ስንቱን ስገድል ኖርኩ። አሁን አንድ ወር እንኳ ሰው አይሙት ብዬ ነው።»

ማልቀስ አልተፈቀደልኝም፤ ቀይ ዓይን ይዤ ልገባ አልችልም። ፊቴን ታጥቤ ገባሁና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ እሳቸው ቃል ሲያጡ እኔ እቀጥላለሁ፣ እኔ ስሰናከል እሳቸው ያነሱታል። የሰመጠውን አወጣን፣ የታነቀውን አወረድን፣ መቃብር ላይ የቆሙትን ሴቶች አትክልት ተካይ አደረግናቸው። በዕድሜዬ እንዲህ አውርቼ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ በልቤ ስታዘባቸው የነበሩ ሰው፣ ልጃቸውን በሆዳቸው ይዘው ድራማ ሲያቃኑ ከጎናቸው ሆኜ አየኋቸው። መተርጎም እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ማዕረጉ ይገባቸዋል።

ወሩ ሞላ። ሐኪሟ አየችና «ድነዋል» አለች፣ መነጽሩ ወለቀ። በዚያው ቀን ከእራት በፊት እማ ብዙነሽ ወንበራቸውን አዙረው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቴሌቪዥኑ ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ያች የመርከበኛው እናት ብቻዋን ተቀምጣለች።

«ይች ናት? እኔስ ወፍራም ትመስለኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ቀጠሉና «ለምንድን ነው ጥቁር የለበሰችው?» አሉ።

አያ ደምሴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያገራቸው ደንብ ነው» አልኩ እኔ።

እማ ብዙነሽ እኔን አዩኝ። ከዚያ ባላቸውን አዩ፣ ረጅም ጊዜ። ዓመታት በጭጋግ ሲያዩት የኖሩትን ፊት ነው የሚያዩት።

«ከሳህ፣ ደምሴ» አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም። የታምራትንም ስም አላነሱም። «ዝጋው፣ ይበቃናል» አሉ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ፣ እንደ ደንባችን፣ ሰዎቹ መጡ። ቄስ ውባንተ፣ ሁለት የዕድር ሽማግሌዎች፣ ከእብናት ዓለምነው፣ ከሁሉ ኋላ ደሳለው አንገቱን ደፍቶ። እማ ብዙነሽ ተነስተው፣ ነጠላቸውን ለብሰው፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። መርዶ የሚነግረው የመጣው ሽማግሌ ነው፤ የቤቱ ሰው ተቀምጦ ይሰማል። ቄስ ውባንተ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

አያ ደምሴ ግን እጃቸውን አነሱ። ፌስታሉን ከኪሳቸው አወጡና፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደሚወልቅ፣ እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። ሄደው ከሚስታቸው ፊት መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ቆይ ልንገርሽ» አሉ።

እማ ብዙነሽ በዳነው ዓይናቸው ትክ ብለው አዩዋቸው።

«ንገረኝ» አሉ። «ዛሬ ግን እንዳትቀይረው።»

አልቀየሩትም።